ዕቃው የት ነው ያለው?
ስለ ስልክ ስክሪን፣ ስለ ቦታና ስለ ርቀት በጂንካ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል

የዛሬው ንግግሬ ስለ ስልክ ስክሪን አሠራር ነው፤ በተለይም መረጃን በዝርዝር ሳይሆን በቦታ ስለሚያስቀምጥ፣ ተጠቃሚውም እያቀረበና እያራቀ ስለሚመለከተው የኢንተርፌስ ዓይነት። ኢንተርፌስ ስል ሰውና መሣሪያ የሚገናኙበትን ገጽ ማለቴ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መብራት ከጠፋ በቃሌ እቀጥላለሁ፤ ሥዕሎቹ ባይታዩም ብዙ አይጎድልብንም።

ነገሩን ከአንዲት ጎረቤቴ ልጀምር። ስማቸውን አልጠራም፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ታሪካቸውን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጂንካ ገበያ የቡና ገለባና ቅመም የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ የአሪ እናት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ይሁን እንጂ ልጃቸው በገዛላቸው ስማርት ስልክ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ይልካሉም። እንዴት እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው ስልኩን ሳይከፍቱ በጣታቸው ጥቁሩ መስታወት ላይ አሳዩኝ፤ መጀመሪያ ከታች በቀኝ በኩል፣ ቀጥሎ መሐል ላይ፣ ከዚያ ከላይ ሦስተኛው፤ እዚያ ላይ ልጃቸው አለ። የሚያዩት ቃል አልነበረም፤ የሚያውቁት ስፍራ ነበር።

አንድ ሳምንት መተግበሪያው ራሱን አደሰ። ምልክቶቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ የተቀባዮቹ ስም ዝርዝርም በሌላ ቅደም ተከተል ተደረደረ። ልጃቸው ይገኝበት በነበረው ስፍራ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጦ ኖሮ፣ ለልጅ ልጃቸው ትምህርት የታሰበው ገንዘብ ወደ ነጋዴው ሄደ። ነጋዴው ደግ ሰው ነበርና መለሰላቸው። እሳቸው ግን ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ቤቴ ድረስ መጡና እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር ልጄ፣ ሌባ ቢሆን ዕቃዬን ይዞ ይሄድ ነበር። እነዚህ ግን ምንም አልወሰዱም፤ ዕቃዬን አዟዙረው ነው የሄዱት።»

በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስለ ኢንተርፌስ ንድፍ ከሰማኋቸው ትችቶች ይህን ያህል የገባኝ የለም። ማታ መብራት ሲጠፋ ክብሪቱን ዳብሰን የምናገኘው የክብሪቱን ስም ስለምናስታውስ አይደለም፤ መደርደሪያው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ እንዳለ እጃችን ስለሚያውቅ ነው። የዛሬው ጥያቄዬም ይኸው ነው፦ ስልክ የሚሠሩ ሰዎች ይህን የእጅና የዓይን ዕውቀት ይጠቀሙበታል ወይስ ያፈርሱታል?

ይህን ሐሳብ በኮምፒውተር ላይ ቀድመው ከሞከሩት መካከል በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው የአርክቴክቸር ማሽን ግሩፕ ይገኝበታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፣ ሪቻርድ ቦልትና ባልደረቦቻቸው ‹ዳታላንድ› የተባለ ሥርዓት ሠሩ። የመረጃ አገር እንደ ማለት ነው። ተጠቃሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ የተዘረጋውን የመረጃ ሜዳ በእጁ እየመራ ይዞርበታል፤ የሚፈልገው ዘንድ ሲደርስ ቀረብ ብሎ ያያል። ከአጠገቡ ያለች ትንሽ ስክሪን ደግሞ ከጠቅላላው ሜዳ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ታሳየዋለች። ፋይል በስሙ አይጠራም፤ ባለበት ይኬድለታል።

በ1993 ኬን ፐርሊንና ዴቪድ ፎክስ ‹ፓድ›ን አቀረቡ፤ በ1994 ቤን ቤደርሰንና ጂም ሆላን ‹ፓድ ፕላስ ፕላስ›ን አስከተሉ። የእነዚህ ሥርዓቶች መሠረት መጨረሻ የሌለው አንድ ትልቅ ወረቀት ነው፤ ሁሉም ነገር በዚያ ላይ ቋሚ ስፍራና መጠን አለው። ሲርቁት ያንሳል፣ ሲቀርቡት ያድጋል። የማኪንቶሽን ፕሮጀክት ያስጀመረው ጄፍ ራስኪንም በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑን ኮምፒውተር በትናንሽ ክፍሎች ከተሞላ የማደናገሪያ ቤት ጋር አመሳስሎ፣ መፍትሔው ከላይ ሆኖ ማየትና ወደ ፈለጉት መውረድ ነው ሲል ተከራክሯል።

ከፓድ ጋር አንድ ቁም ነገር መጣ፤ ትርጉም የሚለውጥ ማቅረብ። ተራው ማቅረብ እንደ አጉሊ መነጽር ነው፤ ያንኑ ነገር ትልቅ ያደርገዋል። ትርጉም የሚለውጠው ግን በየርቀቱ ሌላ ነገር ያሳያል፤ የቀን መቁጠሪያ ከሩቅ ወራትን ብቻ፣ ቀረብ ሲሉ ቀኖችን፣ ይበልጥ ሲቀርቡ የቀኑን ቀጠሮ እንደሚያሳይ።

ተማሪዎቼ ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ ሲያነቡት ይከብዳቸዋል፤ ስለ ከብት ስነግራቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ከከብት አርቢ ቤተሰብ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። መንጋ ከሩቅ አቧራና ጅምላ ቀለም ነው። ቀረብ ሲል የእያንዳንዱ ከብት ቀለምና ዝንጉርጉርነት ይለያል። ይበልጥ ሲቀርብ የቀንዱ አቀማመጥና የጆሮው ምልክት ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓይን የማያየው ነው፤ ከማን እንደተገኘ፣ ለማን ጥሎሽ እንደሚሄድ። ዴቪድ ተርተን በ1980 ባሳተመው ጥናት የሙርሲዎች የቀለም ስሞች ከከብት ቀለማት ጋር ምን ያህል የተቆራኙ እንደሆኑ አሳይቷል። እኛ ግን ለዚህ አካባቢ መተግበሪያ ስንነድፍ የቀለሙን ሠንጠረዥ ከሌላ ቦታ እንዳለ እንቀዳለን።

ቦታን መሠረት ያደረገ ኢንተርፌስ ወደ አገራችን በእርግጥ መጥቶ ነበር፤ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው አለፈ እንጂ። ያው ኔግሮፖንቴ ከዓመታት በኋላ ‹አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ› የተባለውን እንቅስቃሴ መራ፤ ከ2008 ጀምሮም ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ አረንጓዴና ነጭ ትናንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ተሰጡ። የላፕቶፖቹ ሥርዓት ‹ሹገር› ይባል ነበር። ልጁ የሚመለከተው ዓለም አራት ርቀቶች ነበሩት፦ ሥራው፣ ቤቱ፣ ጓደኞቹና ሰፈሩ፤ ለአራቱም በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የየራሳቸው ቁልፍ ተመድቦላቸዋል። ቤት ውስጥ ልጁ ራሱ በትንሽ የሰው ምልክት መሐል ላይ ይቆማል፤ ሥራዎቹ ይከቡታል። ወደ ሰፈር ሲርቅ በሬድዮ ሞገድ የተገናኙት የሌሎች ልጆች ምልክቶች ብቅ ብቅ ይላሉ።

ፕሮጀክቱ በብዙ ምክንያት ተተችቷል፤ ብዙው ትችት ትክክል ነው፣ ዛሬ ግን አልገባበትም። እኔን የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር ነው፦ በሹገር ስትርቅ የሚገጥምህ ጎረቤት እንጂ ባዶነት አይደለም። ጉድለቱ ደግሞ የምልክቶቹ አቀማመጥ ከእውነተኛው ሰፈር ጋር የማይዛመድ መሆኑ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ልጅ ከአጠገብህ፣ አብራህ የተቀመጠችው ከጥግ ልትታይ ትችላለች። የሰፈር ስም እንጂ የሰፈር ዕውቀት አልነበረውም።

አሁን ሁላችንም በኪሳችን ወደያዝነው ነገር እንምጣ፤ ወደ ስልክ ካርታ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት የማቅረብና የማራቅ ኢንተርፌስ ካርታ ነው። ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። በድር ካርታ የመጀመሪያው ደረጃ መላዋ ምድር በጎን 256 ነጥብ ባላት አንዲት ካሬ ሥዕል ላይ ትሰፍራለች። በምድር ወገብ አካባቢ አንዷ ነጥብ ወደ 156 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሸፍናለች። ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ በአየር መስመር ከዚያ ያነሰ ነው። ስፋቱንም ብታሰሉት የአንዲቷ ነጥብ ድርሻ 24 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል። መላው ደቡብ ኦሞ፣ ከአሪ ተራሮች እስከ ቱርካና ሐይቅ አፋፍ፣ ብሔረሰቦቹን ይዞ፣ አንዲት ነጥብ ያህላል ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ደረጃ በቀረብን ቁጥር የሥዕሉ ብዛት በአራት ይባዛል። በ10ኛው ደረጃ አንዷ ነጥብ 153 ሜትር፣ በ18ኛው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። የሳር ጎጆ በ18ኛው ደረጃ በደንብ ይታያል። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ግን አንድ ሰው ወይም አንድ ቀመር መወሰን አለበት፤ በየትኛው ርቀት የምን ስም ይጻፍ? የጂንካ ስም ቀድሞ ይወጣል፤ ቀጥሎ አስፋልቱ ይመጣል። የከብት መሄጃውስ በስንተኛው ደረጃ ይታያል? በአንዱም ላይ አላየሁትም።

ገበያን ተመልከቱ። ቀይ አፈር በሐሙስ፣ ዲመካ በቅዳሜ፣ ቱርሚ በሰኞ ሌላ ከተማ ናቸው። በና፣ ሐመር፣ ፀማይ፣ አሪ የሚገናኙበት፣ ዋጋ የሚቆረጥበት፣ የታመመ ዘመድ ወሬ የሚሰማበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ‹ሐሙስ› እዚህ አገር የቦታ ስምም ጭምር ነው። የስልኩ ካርታ ግን ቀይ አፈርን በሰባቱም ቀን በአንድ መጠን ይጽፋታል። ለዚህ አካባቢ የሚነደፍ ካርታ ገበያውን በገበያ ቀን ከሩቅ ቢያሳይ፣ በሌላው ቀን ቢያሳንሰው ምን ይከለክለዋል? ፕሮግራሙ ሃያ መስመር አይፈጅም። የጎደለው ጠያቂ ነው።

በዚህ ዘርፍ አንድ ስም የወጣለት ችግር አለ። ሱዛን ጁልና ጆርጅ ፈርናስ በ1998 ‹የምድረ በዳ ጉም› ብለውታል። ተጠቃሚው እያቀረበ ሄዶ ሄዶ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ ወዴት ቢሄድ ምን እንደሚያገኝ የሚነግረው አንድም ምልክት የለም። ወረቀቱ አላለቀም፣ እሱ ግን ጠፍቷል። ከማጎ ማዶ ወደ ኦሞ ወንዝ ዳርቻ ካርታችሁን ብትጎትቱ ይህ ጉም ምን ማለት እንደሆነ ታያላችሁ፤ አንድ ወጥ ቀላ ያለ ቀለም፣ በመሐሉ የወንዙ መስመር። ሆኖም እዚያ ሰው ይኖራል። እያንዳንዱ የወንዝ እጥፋት፣ እያንዳንዱ የውኃ ጉድጓድ ስም አለው። ጉሙ ያለው ምድሩ ላይ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በነሐሴ 2006 የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አካባቢ ከ360 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማስጠንቀቂያ የሚልክም ሆነ ጀልባ የሚመራ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ‹የት?› ብሎ ነው። የሚያየው ካርታ ባዶ ከሆነ መልሱን ከማን ያገኛል?

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ፤ ከእኛ ግን ሩቅ ነው፣ አፋር። ‹ዳጉ›ን ታውቃላችሁ፤ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም ያዩትን የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። በ2013 በዚያ የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት አርብቶ አደሮቹን የግጦሽ መሬታቸውን ወሰን ራሳቸው እንዲያመለክቱ አደረገ። ከዚያ የሳተላይት መረጃ በዚያ ላይ የሣሩን ልምላሜ በቀለም አሳየ፤ ካርታውም በየ10 ቀኑ እየታደሰ ታትሞ ተሰጣቸው። ከዓመታት በኋላ ያው ሥራ ‹አፍሪስካውት› በሚል ስም የስልክ መተግበሪያ ሆኖ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ቀርቧል።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ወሰኑ ከሰዎቹ፣ ቀለሙ ከማሽኑ። ማሽኑ የት ብሎ አልወሰነም፤ ‹እዚያ ያላችሁት ስፍራ ዛሬ እንዲህ ነው› ብቻ አለ። ለደቡብ ኦሞ እንዳለ እንቅዳው ግን አልልም። በታችኛው ኦሞ የግጦሽ ወሬ የሰላም ወሬም ነው። ለአንዱ ጎሣ የታየ ሣር ለሌላውም የታየ ሣር ነው፤ ኛንጋቶምም ይሁን ዳሰነች፣ ሐመርም ይሁን አርቦሬ፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ ከላይ ሆኖ ማየት ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ‹በምን ርቀት ምን ይታይ› ካለ በኋላ ‹ለማን› ማለት ግዴታው ነው፤ ያንንም ብቻውን ሳይሆን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ነው መወሰን ያለበት።

እስከ አሁን የዝርዝር ሜኑን የናቅሁ መስሎ ከታየ ይቅርታ። እኔም ከኮንሶ ወደ ቀይ አፈር አውቶቡስ ላይ ሆኜ ኢንተርኔት ሲጠፋ ኮከብ፣ ቁጥር፣ መሰላል ምልክት ደውዬ ነው ሒሳቤን የማየው። ያ አጭር ቁጥር ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ባትሪም አይበላም። የቴሌብር *127#፣ የሲቢኢ ብር *847# ለብዙ ሰው በር ከፍተዋል። ጥበቱን ግን መካድ አይቻልም። አንድ የዚህ ዓይነት መልእክት የሚይዘው 160 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል 182፣ በግእዝ ፊደል 80 ሆሄ ብቻ። ስለዚህ አማራጮቹ ይቆራረጣሉ፣ ‹ለተጨማሪ› የሚል ይከተላል፤ ተጠቃሚው በጨለማ ደረጃ እየወጣ የስንተኛው ፎቅ ላይ እንዳለ በቃሉ መያዝ አለበት። ከዘገየ ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል፤ ከምድር ቤት እንደገና ይጀምራል።

በዚያ ላይ፣ በየትኛው ቋንቋ? በአካባቢያችን የኦሞአዊ፣ የኩሻዊና የናይሎ ሰሃራ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይነገራሉ። ዝርዝር ያለ ቋንቋ አይቆምም። ቦታ ግን ከሞላ ጎደል ይቆማል። ከሞላ ጎደል ያልሁት ሥዕልም የራሱ ዘዬ ስላለው ነው፤ የፖስታ ምልክት ፖስታ ላላየ ሰው ምንም አይናገርም። ቢሆንም ‹ከታች በቀኝ› ለማለት አማርኛ ማወቅ አያስፈልግም።

ስለ እጅም አንድ ቃል። ሁለት ጣት ዘርግቶ ማቅረብ ሁለት ነጻ እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይዘረጋል። ዱላና በርኮታ የያዘ እረኛ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የሞተር ሳይክል መሪ የጨበጠ ወጣት አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው ያላቸው። ኤሚ ካርልሰን፣ ቤደርሰንና ጆን ሳንጆቫኒ በ2005 ‹ሎንችታይል› በሚል ያቀረቡት ንድፍ ይህንኑ ያሰበ ነበር። 36 መተግበሪያዎች በአንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ነካ ሲደረግ የአራቱ ክፍል ይቀርባል፣ ሌላ ነካ ሲደረግ አንዱ ይከፈታል። ሦስት ርቀት፣ አንድ አውራ ጣት። ከዚያ በኋላ ገበያውን የያዙት ስልኮች ማቅረብን በአብዛኛው ለካርታና ለፎቶ ትተው፣ የቀረውን ወደ ዝርዝርና ወደ ገጽ መለሱት። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን፣ በእኔ ግምት፣ የሚነድፈውም የሚፈትነውም ሰው ማንበብ የሚችል መሆኑ ነው።

ጎረቤቴ ስልኩን ለልጃቸው መልሰው አልሰጡም። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ አዲሱን ስፍራ አስጠንታቸዋለች፤ አሥር ቀን ያህል ፈጅቶባቸዋል። አሁን ገንዘብ ከመላካቸው በፊት ለልጃቸው ይደውላሉ፤ «እዚያው ነህ?» ይሉታል። እሱ ያለበትን ከተማ የሚጠይቁት ይመስለው ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች፤ የመስክ ሥራችን በመጪው ቅዳሜ ይጀመራል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገበያው መግቢያ እንገናኝ። ወረቀትና እርሳስ ብቻ ያዙ። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ስልካቸው ተዘግቶ ሳለ የሚነኩትን ስፍራ በቅደም ተከተል በጣታቸው እንዲያሳዩአችሁ። ስፍራውን ሳሉ፣ ቃል አትጻፉ። የማንም የገንዘብ መጠን፣ የማንም የምስጢር ቁጥር እንዳይታይ ተጠንቀቁ፤ ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ። አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ ከክፍል ጓደኞቻችሁ መካከል ሐመርኛና አሪኛ የሚናገሩትን እስከ ሐሙስ ድረስ አነጋግሩ። አሁን ጥያቄያችሁን ልቀበል።